ከወልዲያ ዳገት እስከ ኡምብሪያ ሆድ

መርሳ በዓረብኛ መርከብ መልሕቅ የምትጥልበት የባሕር ጥግ ማለት ነው፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ይህን ስም የያዘ ቦታ ሞልቷል። በእኛዋ፣ በወሎዋ የመርሳ ከተማ ዳር የሚቆመው ግን ማንጎና ብርቱካን የጫነ አይሱዙ ነው። ከባሕሩ ጋር የሚያገናኘን ከወልዲያ በሐራ፣ በጭፍራና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከመርሳ ወይም ከወልዲያ ተነሥቶ ባሕር ወለል ላይ የተኛች የጦርነት ዘመን መርከብን በዓይን አይቶ መመለስ ይቻላል። ገንዘብ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ ከገንዘቡ ይበልጥ።

በሰመጠ መርከብ ላይ ስለ መጥለቅ የሚገኘው መመሪያ በአብዛኛው ቤቱ ባሕር ዳር ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ጠልቆ ይወጣል፣ ገላውን ይታጠባል፣ እራቱን ይበላል፣ በቃ። ወልዲያ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ደሴማ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ለእኛ ሰው አስቸጋሪው ዳገት ከውሃው ከወጣ በኋላ የሚጀምረው ነው። ይህ ጽሑፍም የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ መርከቧን አስቀድማችሁ እወቋት

የምንሄድባት መርከብ ኡምብሪያ ትባላለች። የተኛችው ፖርት ሱዳን ፊት ለፊት፣ ዊንጌት በሚባለው የዛጎል ድንጋይ አጥር አጠገብ ነው። በ1904 ዓ.ም. ገደማ ሐምቡርግ ላይ ስትሠራ ስሟ ባሂያ ብላንካ ነበር፤ 150 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ ወደ አርጀንቲና ሰውና ዕቃ እንድታመላልስ የታሰበች የጀርመን መርከብ ነበረች። አንደኛው የዓለም ጦርነት አርጀንቲና ላይ አስቀራት። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ገዝታ ስሟን ቀየረችውና ወታደር ታመላልስባት ጀመር። ጣሊያን በዚያ ዓመት መርከብ የገዛችበትን ምክንያት ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የፈረንጆቹ 1935 ገና አላለቀም ነበር።

በግንቦት 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ላይ የጫነችው ግን ከበፊቱ ሁሉ የከፋ ነበር። 360,000 ያህል የአውሮፕላን ቦምብ፣ ሣጥን ሙሉ ማፈንጃ፣ ሲሚንቶ፣ የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ ሦስት ፊያት አውቶሞቢሎች። መድረሻዋ ምጽዋና ከዚያ ወዲያ ያሉ ወደቦች ነበሩ። አርበኛው ያኔ ጫካ ውስጥ ነው። ከምጽዋና ከአሥመራ ወደ መሀል አገር የሚገባው ዋናው መንገድ ደግሞ ይኸው በአላማጣ፣ በወልዲያ፣ በመርሳና በደሴ የሚያልፈው ነው። ቦምቡ በማን ራስ ላይ ሊወርድ እንደነበር ገምቱት።

እንግሊዞች ጭነቱን ያውቁታል። ጣሊያን ገና ጦርነት ስላላወጀች ግን ሊወርሷት አይችሉም፤ ስለዚህ በየምክንያቱ ያዘገዩዋታል። በመጨረሻ ዊንጌት አጠገብ አስቁመዋት፣ ወታደሮቻቸው ላይዋ ወጥተው ሲፈትሹ፣ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙዬዛን ሙሶሊኒ ጦርነት ማወጁን በራዲዮ ከእንግሊዞቹ ቀድሞ ሰማ። ምንም እንዳልሰማ ሆኖ «የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ አለብን» አለ። ባሕረኞቹ ወደ ጀልባዎቹ ሲወርዱ ከሥር የውሃ ማስገቢያዎቹ ተከፍተው ነበር። ፈታሾቹ ነገሩ ሲገባቸው መርከቧ መስመጥ ጀምራለች፤ እነሱም ለቀዋት ወረዱ። ያ ሁሉ ቦምብ እስከ ዛሬ እዚያው ተደርድሮ አለ።

ኡምብሪያ በግራ ጎኗ ተጋድማለች። ከላይ የቀረው ጎኗ ከውሃው ገጽ ብዙም አይርቅም፤ ጥልቁ ጫፏ 38 ሜትር ያህል ላይ ነው። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በ1949 እ.ኤ.አ. ጠልቆ ካያት ወዲህ የጠላቂዎች መሳለሚያ ሆናለች። በምጽዋ በኩልም ጣሊያኖች በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ወደቡን ከመልቀቃቸው በፊት በርካታ መርከቦች አስምጠው ነበር። ከእነሱ ጥቂት የማይባሉትን አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ በ1942 እ.ኤ.አ. አውጥቷቸዋል።

እውነቱን ለመናገር ዛሬ ወደ ኡምብሪያ አይኬድም። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፤ ፖርት ሱዳንም በድሮን ተመትታለች። ይሁንና ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝረው ዝግጅት ዋና ለማይችል ሰው ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል። ጦርነቱ እስኪበርድ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ እየተማሩ መጠበቅ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ዋና

እኔ ዋና የለመድኩት እንደ ማንኛውም የቆላ ልጅ ወንዝ ውስጥ ነው። የወንዝ ልጅ ዋና ደግሞ የውሻ ዋና ነው፤ ራስን ቀና አድርጎ መንደፋደፍ። ገደሉን ከወዲህ ወዲያ ያሻግራል፣ ልብስ ጠባቂ ጓደኛን ያስቃል፤ ለጠላቂ ትምህርት ግን አያበቃም። የጠላቂ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ ያለ ምንም ድጋፍ መንሳፈፍ ነው። ፍጥነት የሚለካ የለም፤ የሚለካው አለመደንገጥ ነው።

ገንዳ ማግኘት የሚችል በገንዳ ይማር። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው የጊዮን ሆቴልን ገንዳ ያውቀዋል። ወንዝና ኩሬ ላይ ለመማር ለምታስቡ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ክረምት ላይ አላውሃም ሆነ ገላና መማሪያ አይደሉም፤ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላው ፀሐይ ሳለ ደርሶ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የቆላና የወይና ደጋ ውሃ ቢልሃርዚያ ሊኖረው ይችላል። ከዋኛችሁ በኋላ ምልክት ባይታይባችሁም ተመርመሩ።

«ሐይቅ እያለልን» የሚል አይጠፋም። ከመርሳ በውርጌሳ በኩል ወደ ደቡብ ስትወርዱ የምታገኙት የሐይቅ ውሃ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ 88 ሜትር ድረስ የሚጠልቅ ነው። ከጀልባ ባለቤት ጋር ተስማምቶ ዳር ዳሩን መዋኘት ጥሩ ነው። በአየር ጋን መጥለቅን ግን እዚያ አትጀምሩ። ሐይቅ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር በላይ ነው፤ ጠላቂ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል የሚወስኑት ሰንጠረዦች ደግሞ የተሠሩት ለባሕር ጠለል ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ያው 20 ሜትር ጥልቀት ከባሕሩ 20 ሜትር የበለጠ አደጋ አለው። ለከፍታ መጥለቅ የተለየ ሥልጠና አለ፤ ጊዜው ሲደርስ ትማሩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ሐኪም

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። የማትዘሉበት ምክንያት ሳንባችሁ ነው፤ ከሥር የተሳበ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይለጠጣል፣ መውጫ ካጣ ሳንባ ይቀደዳል። አስም ያለበት፣ ቲቢ ታሞ የዳነ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ከመክፈሉ በፊት ሐኪም ያማክር። ነፍሰ ጡር አትጠልቅም። ጉንፋን የያዘው ሰው ለዚያ ሳምንት ይቅር።

ጫትን ለብቻው ላንሣው፤ ጅቡቲ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ያላት አትመስልም። ጫት ልብን ያፋጥናል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሰውነት ሲደርቅ ደግሞ ደረጃ 5 ላይ የማነሣው የጠላቂ ሕመም ይቀናዋል። ከሚጠለቅበት ቀን ዋዜማ ጀምሮ አትቃሙ።

ደረጃ 4፦ ጅቡቲ ወርዶ መማር

ፓስፖርትና ቪዛ ይዛችሁ፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን አስባችሁ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሂዱ። ከዚያ ውጭ ሙቀቱም ነፋሱም አያስቀምጥም። ከኅዳር እስከ ጥር ከሄዳችሁ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ በኩል፣ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍና ገራም ዓሣ ታያላችሁ፤ ይህ ምርቃት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። ወልዲያ ጠጥታችሁ ባዶውን አጥብቃችሁ የከደናችሁት ሃይላንድ ሚሌ ስትደርሱ ጎኑ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ጆሯችሁም ይደፈናል፤ ምራቅ ትውጣላችሁ፣ ጧ ብሎ ይከፈታል። ባሕር ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ከወልዲያ እስከ ባሕር ጠለል ስትወርዱ የአየሩ ግፊት የሚጨምረው ሩብ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ 10 ሜትር ብቻ ስትወርዱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ እፍ ማለትን በየሜትሩ፣ ጆሮ ከማመሙ በፊት፣ ትለማመዳላችሁ። ካመመ ትንሽ ወደ ላይ መመለስ እንጂ ታግሎ መውረድ የለም።

ሰው ሁሉ «የኦክስጂን ጋን» የሚለው ውስጡ ተራ አየር ነው፤ ተጣርቶ በ200 ባር ታምቆ የተሞላ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ይሞላዋል ብሎ የሚያስብ ካለ ይተወው። ግፊቱም አይደርስም፣ ከዘይት ጋር የተቀላቀለ አየር መተንፈስም ሕይወት ያሳጣል። ሌላው ዕቃ አፍ ላይ የሚያዘው ማስተንፈሻ፣ አየር የሚሞላና የሚተነፍስ ጃኬት፣ የጎማ ልብስ፣ የእግር ክንፍ፣ የክብደት ቀበቶና ጥልቀትና ደቂቃ የሚቆጥር ኮምፒውተር ነው። ለተማሪ ሁሉም በኪራይ ይገኛል። ከሁሉ በፊት ግዙ የምላችሁ ፊታችሁ ላይ በልክ የሚቀመጥ መነጽር ነው፤ ውሃ የሚያስገባ መነጽር የተከፈለበትን ቀን ሁሉ ያበላሻል።

የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት እስከ 18 ሜትር ያስኬዳል፣ ሁለተኛው እስከ 30፣ የጥልቀት ልዩ ሥልጠናው እስከ 40። ከዚያ በታች የመዝናኛ ጠላቂ ወሰን አይደለም። ሦስቱን በአንድ ጉዞ ለመጨረስ አትሩጡ። በየደረጃው መካከል ቢያንስ ሃያ ጊዜ ያህል ጥለቁ፤ ይህ የእኔ ልክ ነው፣ ትምህርት ቤቶቹ ባነሰም ያሳልፋሉ።

ደረጃ 5፦ የአየርና የደቂቃ ሒሳብ

ወረቀትና እርሳስ አንሡ። የተረጋጋ ሰው ላይ ላዩን በደቂቃ 20 ሊትር አየር ይተነፍሳል እንበል። በ38 ሜትር ግፊቱ 4.8 እጥፍ ስለሆነ ያው ሰው በደቂቃ 96 ሊትር ይጨርሳል። ባለ 12 ሊትር ጋን በ200 ባር 2,400 ሊትር ይይዛል። 50 ባሩ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ስለሆነ 600 ሊትር ቀንሱ፤ የቀረው 1,800 ሊትር ለ18 ደቂቃ ያህል ነው፣ የመውጫውም ከዚያው ላይ ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ እጥፍ ይተነፍሳል፤ ሒሳቡ ግማሽ ይሆናል።

ከአየሩ በፊት ግን የሚያልቀው ደቂቃው ነው። በግፊት ውስጥ ስንተነፍስ ናይትሮጅን ደም ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውሃ ጋዝ በጠርሙሱ ውስጥ እንደሚሟሟ ማለት ነው፤ ክዳኑን በኃይል ከከፈቱት ይገነፍላል፣ ቀስ ካሉ ያለ ግርግር ይወጣል። የጠላቂ ሕመም ማለት ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ያው መገንፈል ነው። በብዛት በሚሠራበት ሰንጠረዥ መሠረት 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ፣ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ፣ 40 ሜትር ላይ 9 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። ሲወጣ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይበልጥም፤ 5 ሜትር ላይ ደግሞ 3 ደቂቃ ይቆማል።

ከ30 ሜትር በታች ሌላ እንግዳ ይመጣል፦ የናይትሮጅን ስካር። ጠጅ በአፉ ዞሮ የማያውቀውንም ያሰክራል። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይፈራል፣ አንዱ የአየር መለኪያውን አይቶ ቁጥሩን መረዳት ያቅተዋል። መድኃኒቱ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ መውጣት ነው። ለዚህ ነው ሒሳቡን ጀልባ ላይ፣ በንጹሕ አእምሮ፣ ጨርሳችሁ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ያለባችሁ።

ናይትሮክስ የሚባለው ኦክስጂን የበዛበት አየር ደቂቃ ይጨምራል፤ ሆኖም 32 በመቶው ዓይነት ከ33 ሜትር ገደማ በታች ራሱ መርዝ ይሆናል። ለኡምብሪያ ላይኛውና መካከለኛው ክፍል ይበጃል፣ ለጥልቁ ጫፍ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ልምምድ በሌላ መርከብ ላይ

የምመክረው ግብፅ ነው። ሻርም ኤል ሼክ አቅራቢያ 30 ሜትር ያህል ላይ የተኛችው ሲስልጎርም የእንግሊዝ ጭነት መርከብ ነበረች፤ መስከረም 26 ቀን 1934 ዓ.ም. በጀርመን ቦምብ ጣዮች ሰመጠች። ውስጧ ካሚዮን፣ ሞተር ብስክሌትና ጎማ አለ፤ ጭናቸው የነበሩ ባቡር መጎተቻዎችም አጠገቧ ወድቀዋል። ዘጠኝ ሰው ሞቶባታል። መቃብር ላይ እንደምትሆኑት ሁኑ።

እዚያ የምትለማመዱት ሦስት ነገር ነው። ክንፍን በቀስታ ማንቀሳቀስ፣ ምክንያቱም በመርከብ ውስጥ የተኛ ደለል አንዴ ከተነሣ የገባችሁበት በር አይታይም። የአየር ሲሶ ሕግ፦ ሲሶው መግቢያ፣ ሲሶው መውጫ፣ ሲሶው ለማይታወቀው። ሦስተኛው ገመድ ዘርግቶ መግባት፤ የመርከብ ሆድ ሥልጠና ሳይኖራችሁ ግን ብርሃን ከሚያሳየው በር አልፋችሁ አትግቡ። መብራት ሁለት ያዙ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲኖር ብቻ ሳይሆን፣ ቀይ ቀለም ከጥቂት ሜትር በታች ስለሚጠፋና ያለ መብራት ሁሉ ነገር ሰማያዊ ስለሚመስል።

ደረጃ 7፦ ኡምብሪያ ላይ

ከጥልቁ ጀምሩ። የቀኑን ጥልቅ ጊዜ መጀመሪያ ተጠቅማችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይኛው ጎኗ ውጡ፤ ኡምብሪያ ለዚህ የተፈጠረች ነው፣ እየወጣችሁም የሚታይ አታጡም። በጎኗ ስለተኛች ወለሉ ግድግዳ ሆኗል፣ ደረጃው አግድም ተንጠልጥሏል፤ «ላይ» የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ የምትተነፍሱት አረፋ ነው። ሲሚንቶው በከረጢቱ ልክ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ፊያቶቹ ዝገው አሉ፤ የአርበኞች ዘመን ፎቶግራፍ ላይ ያየነው ዓይነት መኪና ዓሣ ሲገባበትና ሲወጣበት ማየት ሰውን ዝም ያሰኛል።

ቦምቦቹ በረድፍ ናቸው። አትንኩ፣ አታንኳኩ፣ አታንሡ። ባሕር ውስጥ ሰማንያ ዓመት የቆየ ፈንጂ ጠባዩ አይታወቅም። ማስታወሻ ብሎ ጥይትም ሆነ ጠርሙስ ይዞ መውጣትም የለም። ማስታወሻ ካስፈለገ ፎቶ አለ።

ደረጃ 8፦ ወደ ቤት

እዚህ ላይ ነው እኛ ከሌላው ጠላቂ የምንለየው። ከውሃ ከወጣችሁ በኋላ የተሟሟው ናይትሮጅን ለብዙ ሰዓት ሰውነታችሁ ውስጥ ይቆያል። በዚያ ላይ አየሩ ወደሚሳሳበት ከፍታ ከወጣችሁ የአምቦውን ክዳን ለሁለተኛ ጊዜ መክፈት ይሆናል። የጠላቂ ሐኪሞች የሚሉት፣ አንዴ ብቻ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ 18 ሰዓት፣ ከተፈቀደው ደቂቃ አልፎ መውጫ ላይ የግዴታ ማቆሚያ ያስፈለገው ደግሞ ከ18 ሰዓት በብዙ የበለጠ ይጠብቅ ነው። ይህ ግን እስከ 2,400 ሜትር ለሚደርስ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት፣ ለጥቂት ሰዓት በረራ የታሰበ ነው። እናንተ ወልዲያ ስትደርሱ እዚያው ታድራላችሁ፤ ደሴ፣ ላሊበላ ወይም ኩታበር የሚሄድ ሰው ከዚያ ልክ በላይ ነው።

ስለዚህ የእኔ ደንብ እንዲህ ነው። መጨረሻ ከጠለቃችሁ በኋላ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ባሕር ዳር ቆዩ፤ ጅቡቲም ሆነ ሌላ ወደብ፣ ውሃ እየጠጣችሁ፣ ሻንጣ ሳትሸከሙ። በመኪና የምትመለሱ ሁለተኛውን ሌሊት ሰመራ ወይም ሚሌ እደሩ፤ ሁለቱም ከ600 ሜትር በታች ናቸው። ዳገቱን በሦስተኛው ቀን ውጡ። ሾፌሩ ቸኩሎ «ዛሬውኑ ወልዲያ እንግባ» ቢላችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።

ሐራን አልፋችሁ ዳገቱን ስትጀምሩ ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ቀን መገጣጠሚያ ላይ የማይለቅ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም የቆዳ መዥጎርጎር ከመጣ የመኪና ወንበር ነው አትበሉ። ሐኪም ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል «ጠልቄ ነበር» የሚለው ይሁን፤ ሐኪሙ ወልዲያ ላይ ይህን እንዲጠረጥር መጠበቅ አይገባም። የሚያስፈልጋችሁ ንጹሕ ኦክስጂን በጭምብል፣ ከዚያም የግፊት ክፍል ነው። የቅርቡ የግፊት ክፍል የት እንዳለ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቃችሁ ስልኩን ያዙ። የመጨረሻውን ጥልቀት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁና ከውሃ የወጣችሁበትን ሰዓት በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ኪሳችሁ ውስጥ አኑሩት።